ኤዋይ-3-8910 ምን ብጽፍለት ያው አንድ ድምፅ፤ ቺፑ ነው ወይስ እኔ?

ገመድ_አምስት (አዲስ አበባ) · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡20

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሦስት ሌሊት ታግዬ አልሆነልኝም፤ እስቲ ዓይናችሁን አውሱኝ።

ክራር እደረድራለሁ፣ ቀን ቀን ኤሌክትሮኒክስ እማራለሁ። የድሮ ኮምፒውተሮችን ዜማ መስማት ከጀመርኩ ወዲህ ልቤ ያረፈው ግን ኤዋይ-3-8910 ላይ ነው። ጀነራል ኢንስትሩመንት እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው የድምፅ ቺፕ ነው፤ እሱና ወንድሞቹ በኤምኤስኤክስ፣ በአምስትራድ ሲፒሲ፣ በዜድኤክስ ስፔክትረም 128 ውስጥ ስንቱን ጨዋታ አዚመዋል። ሦስት የካሬ ሞገድ ቻናል፣ አንድ የሽሽታ ድምፅ ማመንጫ፣ አንድ ኢንቨሎፕ (የድምፁን መጠን በራሱ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ)፤ በቃ ያለው ይኸው ነው። በዚህ ላይ የትዝታን ቅኝት ማውጣት እፈልጋለሁ።

አሠራሬ እንዲህ ነው። አርዱዊኖ ኡኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ሰሌዳ)፣ ከፒን 2 እስከ 9 ያሉት ወደ ስምንቱ የዳታ እግሮች፤ ከቺፑ መቆጣጠሪያ እግሮች ቢሲ1 ኤ0 ላይ፣ ቢዲአይአር ኤ1 ላይ፤ ቢሲ2 በቀጥታ 5 ቮልት ላይ። ክሎኩን፣ ማለትም ቺፑ የሚሠራበትን ምት፣ ከፒን 11 ነው የማወጣው፤ ታይመር 2 ኡኖው የሚሠራበትን 16 ሜጋኸርዝ ለ8 አካፍሎ 2 ሜጋኸርዝ ይሰጠኛል። የሦስቱን ቻናል መውጫ በሬዚስተር አጋጥሜ ወደ ትንሽ አምፕሊፋየር ሰድጃለሁ።

ፕሮግራሙ በየ20 ሚሊሰከንዱ ከሬጅስተር 0 እስከ 13 (የቺፑ የትእዛዝ ማስቀመጫ ሣጥኖች) በተራ ይጽፋል። ሠንጠረዡ ላይ ያለው ቀላል ነገር ነው፤ ቻናል ኤ ፒሪየድ (የሞገዱ ርዝመት ቁጥር) 284፣ ሚክሰር (በየቻናሉ ድምፅና ሽሽታን የሚከፍትና የሚዘጋው) 56፣ የኤ ድምፅ 15፣ የቢና የሲ ድምፅ 0። በስሌት 440 ኸርዝ፣ አንድ ንጹሕ ድምፅ መውጣት ነበረበት።

የሚወጣው ግን ወፍራም፣ ጎርናና፣ ሽሽታ የተቀላቀለበት ነገር ነው። ሠንጠረዡን ብቀይረው አይለወጥም። ሁሉንም ድምፅ ዜሮ ባደርገውም ያው ነው። አምስት ቺፕ ገዝቼ ሦስቱን ሞከርኩ፣ ሦስቱም አንድ ዓይነት ጮኹ። እባካችሁ!

---

ሰሚ_ጆሮ (ዱባይ) · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡51

ወንድሜ፣ ቺፑ የውሸት ነው። እኔም ካንድ የኦንላይን ሻጭ አሥር ገዝቼ ስድስቱ ጽሑፋቸው ተፍቆ እንደገና የታተመባቸው ነበሩ። አናቱን በአሴቶን በተነከረ ጥጥ አሸው፤ ጥቁር ቀለም ከለቀቀ መልሰህ ገንዘብህን ጠይቅ።

---

ጋሽ_ራዲዮ (አዲስ አበባ) · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ልጄ፣ እንደምን አደርክ። አርባ ዓመት ራዲዮና ቴሌቪዥን ስጠግን የተማርኩት አንድ ነገር አለ፤ ሦስት ዕቃ አንድ ዓይነት ከታመመ፣ ሕመሙ ዕቃው ውስጥ አይደለም። የውሸት ቺፕ ቢሆን ኖሮ አንዱ ዝም ይል፣ አንዱ ይግል፣ አንዱ ሌላ ነገር ይሠራ ነበር።

መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን አረጋግጥ። እግር 40 እና እግር 1 መካከል 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር አለህ? ቺፑ አጠገብ፣ ሽቦው ሳይረዝም። የሪሴት እግሩ፣ 23ኛው፣ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር 5 ቮልት ላይ አስረው። እግር 26ን አትንካው።

ከዚያ በኋላ የሦስቱን ቻናል ሬዚስተር ንቀልና እግር 4፣ እግር 3 እና እግር 38ን ለየብቻ አድምጥ። ኤ፣ ቢ፣ ሲ ማለት ነው። አንድ ላይ ሲጮኹ ማን ምን እንዳለ አይታወቅም። የሰማኸውን ጻፍልን፤ በስልክህ መቃኛ ካለ ኸርዙንም ለካ።

---

ገመድ_አምስት · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡40

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካፓሲተሩ አልነበረኝም፣ አስገባሁ። ሪሴቱንም አሰርኩ። ድምፁ አልተለወጠም፤ ለየብቻ ማድመጡ ግን ነገር አሳየኝ። ቺፑንም በአሴቶን አሸሁት፣ ምንም አልለቀቀም።

ቻናል ኤ፦ ንጹሕ፣ ሽሽታ የለውም፣ መቃኛው 244 ኸርዝ አካባቢ ይላል።
ቻናል ቢ፦ ሽሽታ አለበት፣ ሥር ሥሩን 122 አካባቢ።
ቻናል ሲ፦ እሱም ሽሽታ አለበት፣ 81 አካባቢ። ከሦስቱ ከፍ ብሎ የሚሰማው ይኸኛው ነው።

በሦስቱም ቺፕ ቁጥሩ ያው ነው። ኤ 440 መሆን የነበረበት 244 ሆነ፤ ቢና ሲ ደግሞ ጨርሶ መሰማት አልነበረባቸውም።

---

ዜሮ_አንድ (ሲያትል) · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡05

እነዚህ ቁጥሮች ከየት እንደመጡ አውቄያለሁ። ታገሠኝና አብረን እናስላ፤ ይህን ካየህ ሁለተኛ አትረሳውም።

በ2 ሜጋኸርዝ የቻናሉ ድምፅ 125,000 ለፒሪየዱ ተካፍሎ ነው። ስለዚህ 244 ኸርዝ ማለት ፒሪየዱ 513 ገደማ ነው። 513ን ከፋፍለው፤ ታችኛው ባይት 1፣ ላይኛው 2። ማለትም ሬጅስተር 0 ውስጥ 1 አለ፣ ሬጅስተር 1 ውስጥ 2 አለ።

ቢን እይ። 122 ኸርዝ ፒሪየዱ 1027 ነው፤ ታችኛው 3፣ ላይኛው 4። ሬጅስተር 2 ውስጥ 3፣ ሬጅስተር 3 ውስጥ 4። የሲም 1541 ነው፤ 5 እና 6።

አየኸው? እያንዳንዱ ሬጅስተር ውስጥ የተቀመጠው የሚቀጥለው ሬጅስተር ቁጥር ነው! ሬጅስተር 7፣ ሚክሰሩ፣ 8 ይዟል ማለት ነው፤ በሁለትዮሽ 00001000። ሚክሰር ላይ 0 ማለት «ክፈት»፣ 1 ማለት «ዝጋ» ነው። የሦስቱም ድምፅ ተከፍቷል፤ ሽሽታው ለኤ ብቻ ተዘግቶ ለቢና ለሲ ተከፍቷል። ያልከው ይህንኑ ነው። የድምፅ መጠናቸውም 9፣ 10፣ 11 ሆኗል፣ ሲ ከፍ ብሎ የተሰማህ ለዚህ ነው።

ምክንያቱ ኮድህ ሳላየው ይታየኛል። ቢሲ2 5 ቮልት ላይ ሲሆን ሁለቱ መስመሮች አራት ትእዛዝ ያወጣሉ። ቢዲአይአር 0 ቢሲ1 0 ማለት ዝም በል፤ 0 እና 1 አንብብ፤ 1 እና 0 ዳታ ጻፍ፤ 1 እና 1 ይህ የሬጅስተር ቁጥር ነው፣ ያዘው። አንተ ዲጂታልራይት (አንድ ፒን ብቻ የሚያነሣና የሚጥል የአርዱዊኖ ትእዛዝ) ነው የምትጠቀመው፣ መጀመሪያ ቢዲአይአርን ከፍ አድርገህ ቀጥለህ ቢሲ1ን። ዲጂታልራይት ኡኖ ላይ ዝግ ይላል፣ ጥቂት ማይክሮሰከንድ ይፈጃል። በዚያች መሃል ቺፑ የሚያየው 1 እና 0 ነው፤ «ዳታ ጻፍ» ማለት። ዳታ መስመሩ ላይ ያለው ደግሞ የሚቀጥለው ሬጅስተር ቁጥር ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ቀድሞ በያዘው ሬጅስተር ውስጥ ይጽፈዋል። ትክክለኛው ዋጋህ የኖረው ለማይክሮሰከንዶች ብቻ ነበር።

ቅደም ተከተሉን ብትገለብጥ አይሻልም። ቢሲ1 ቀድሞ ከተነሣ 0 እና 1፣ «አንብብ» ይሆናል፤ ያኔ ቺፑም አርዱዊኖም ዳታ መስመሩን ባንድ ጊዜ ይነዱታል፣ እየተጋፉ። ይህ ለሁለቱም ጥሩ አይደለም።

መፍትሔው ሁለቱን ባንድ ምት ማንሣት ነው። ኤ0 እና ኤ1 ሁለቱም ፖርት ሲ በሚባለው የፒኖች ቡድን ላይ ናቸው፣ ቢት 0 እና ቢት 1። ዲጂታልራይትን ተውና ሁለቱን ቢቶች ባንድ ትእዛዝ በቀጥታ ፖርት ሲ ላይ ጻፍ፤ ሲወርዱም እንዲሁ ባንድ ላይ። የሬጅስተሩን ቁጥር ስትሰጥ 3፣ ከዚያ 0፤ ዳታውን ስትሰጥ 2፣ ከዚያ 0። በመካከሉ አንድ ማይክሮሰከንድ ጠብቅ። ሌላ ምንም አትቀይር።

---

ገመድ_አምስት · ሐሙስ፣ ከሌሊቱ 6፡30

ወጣ!! 440! ንጹሕ፣ ደረቅ፣ ባዶ ቀርቀሃ ውስጥ እንደሚነፋ ያለ ድምፅ። ቤት ሰው ተኝቷል፣ በኢርፎን እያደመጥኩ እጄ ይንቀጠቀጣል። የቀየርኩት ሁለት መስመር ኮድ ነው። ሦስት ሌሊት ሙሉ የሰማሁት ከ1 እስከ 13 ያሉት ቁጥሮች ሲቆጠሩ ነበር ማለት ነው።

ዜሮ_አንድ፣ ወንድሜ፣ በምን ቃል ላመስግንህ።

---

ጋሽ_ራዲዮ · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡40

ዜሮ_አንድ፣ እጅህን ይባርከው። ከሦስት የኸርዝ ቁጥር ተነሥቶ ያላየውን ኮድ ማንበብ ትልቅ ነገር ነው። ይህን ገልብጬ ሱቄ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ።

---

ኤደን_50ኸርዝ (ፍራንክፈርት) · ሐሙስ፣ ከቀኑ 9፡10

እንኳን ደስ አለህ ገመድ። እኔ እዚህ ከቁንጫ ገበያ በገዛሁት አታሪ ኤስቲ ነው የምሠራው። ውስጡ ያለው የያማሃ ዋይኤም2149 ነው፣ የኤዋይ ፈቃድ ያለው ወንድም፤ እሱም በ2 ሜጋኸርዝ ነው የሚነዳው፣ ስለዚህ የኔም ቁጥር ላንተ ይሠራል።

አሁን ወደ ቅኝቱ ልውሰድህ፤ እኔን እዚህ ያቆየኝ ይህ ነውና። የኖታ ሠንጠረዥ ከኢንተርኔት አውርደህ እንዳትለጥፍ እለምንሃለሁ። እነዚያ ሠንጠረዦች የተሠሩት ለፒያኖ ነው፣ ኦክታቩን ለ12 እኩል ቆርሰው። ቺፑ ግን ኖታ የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው ፒሪየድ ብቻ ነው። ክራርህን በጆሮህ እንደምትቃኘው አድርገህ ቃኘው፣ የእያንዳንዱን ክር ኸርዝ ለካ፣ 125,000ን ለእሱ አካፍል፣ ያንን ጻፍ። በቃ።

---

ገመድ_አምስት · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡00

እህቴ፣ አሁን ሠራሁት። ክራሬን በትዝታ ሙሉ ቃኝቼ አምስቱን ለካሁ፤ 220፣ 248.5፣ 276፣ 329፣ 367.5። ፒሪየዳቸው 568፣ 503፣ 453፣ 380፣ 340።

ከዚያ በፒያኖው ስሌትም አወጣሁና አፈራርቄ አደመጥኳቸው። ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ሁለተኛዋና አምስተኛዋ ላይ ግን በግልጽ ይሰማል። የፒያኖው ትዝታ «ልክ» ነው፣ የኔው ግን ትዝታ ነው። እናቴ ከኋላዬ ቆማ ሳታውቅ ማንጎራጎር ጀመረች፤ ያንጎራጎረችው በኔው ላይ ነው።

አንድ ኦክታቭ ከፍ ሳደርገው ግን መንሸራተት ጀመረ። ሁለት ኦክታቭ ላይ ጭራሽ ተበላሸ። ምንድን ነው?

---

ዜሮ_አንድ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡15

ፒሪየድ ሙሉ ቁጥር ስለሆነ ነው። ታች ላይ 568 እና 569 መካከል ያለው ልዩነት 0.4 ኸርዝ አይሞላም። 440 ላይ 284ን 285 ብታደርገው 1.5 ኸርዝ ይወርዳል። 1760 ላይ ግን 71 እና 72 መካከል 24 ኸርዝ አለ፤ በመሃል የሚቆም ነገር የለም። የምትፈልጋት ድምፅ በሁለቱ መካከል ከወደቀች አታገኛትም። ዜማህን ከ500 ኸርዝ በታች አኑረው፣ ክራርም ለነገሩ እዚያው ነው የሚኖረው።

---

ሰሚ_ጆሮ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡40

ስለ ቺፑ ተሳስቼ ነበር፣ ይቅርታ። ግን ልጠይቅ፤ ይህን ሁሉ ሽቦ ከመቀጣጠል በኮምፒውተር ላይ ቺፑን የሚያስመስል ፕሮግራም አይሻልም? ቮርቴክስ ትራከር አለ፣ አርኮስ ትራከር አለ።

---

ኤደን_50ኸርዝ · ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡20

ሰሚ_ጆሮ፣ ሁለቱም ግሩም ናቸው፣ እኔም ዜማዬን የማቀናብረው አርኮስ ላይ ነው። ለሚያቀናብር ሰው ከዚያ ቢጀምር ይሻለዋል ባይ ነኝ። ገመድ ግን የፈለገው መሣሪያ መሥራት ነው። ትራከር ላይ ቢጀምር ፒሪየዱን ማንም አያሳየውም ነበር፤ የተዘጋጀችውን ኖታ ይመርጥ ነበር እንጂ። እናቱ ያንጎራጎረችበት ቅኝት ተሰውሮ ይቀር ነበር።

ገመድ፣ አሁን ድምፅህ ሳይሞት ቀጥ ብሎ የሚጮህ ከሆነ እንደተመታ ክር እየሞተ መሄድ አለበት። ኢንቨሎፕ ማመንጫው አንድ ብቻ ስለሆነና ሦስቱም ቻናል ስለሚጋሩት ለክር ምት አትጠቀምበት፤ ሁለተኛውን ክር ስትመታ የመጀመሪያው አብሮ ይነሣል። በፕሮግራም ሥራው። 15 ላይ ጀምረህ በየሁለት ዙሩ (አንድ ዙር 20 ሚሊሰከንድ ነው) አንድ ቀንስ፣ በ600 ሚሊሰከንድ ውስጥ ዜሮ ይደርሳል። 16ቱ የድምፅ ደረጃዎች እኩል እርምጃ አይደሉም፤ እያንዳንዱ ወደ 3 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል፣ ስለዚህ ተራ አንድ አንድ መቀነስ የተመታ ክር በተፈጥሮው እንደሚሞተው ሆኖ ይሰማል።

ቻናል ቢን ለማስተጋቢያ ስጠው። ኤ የተጫወተውን ከስድስት ዙር በኋላ፣ 120 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ፣ ድምፁን በ4 ቀንሰህ ድገመው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሦስት ኖታ ባንድ ቻናል እያፈራረቀ ኮርድ ያስመስላል። ለጨዋታ ሙዚቃ ያምራል፣ ለትዝታ ግን አይሆንም፤ ዜማዋን ያጣድፋታል።

ሲ ላይ ደግሞ ይህን ሞክር። የቻናሉን ድምፅና ሽሽታ ሚክሰር ላይ ዝጋ፣ መጠኑን 16 አድርገው፤ ያ ማለት «ኢንቨሎፑን ተከተል» ነው። ሬጅስተር 11 ላይ 142፣ 12 ላይ 0፣ 13 ላይ 8 ጻፍ። ኢንቨሎፑ ራሱ በሴኮንድ 55 ጊዜ እየተመላለሰ የመጋዝ ጥርስ ሞገድ ይሆናል። የምታገኘው ወፍራም፣ የሚንዘረዘር ባስ ነው። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን የበገና እንዚራ ነው የታሰበኝ፤ ያቺ ከክሩና ከብርኩማው መሃል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ። ካሬ ሞገዱ ያንን መንዘርዘር አይሰጥህም።

---

ገመድ_አምስት · ቅዳሜ፣ ከቀኑ 6፡10

ምቱ በጣም ሠራ። ማስተጋቢያውም አዳራሽ ውስጥ ያለሁ አስመሰለው። ባሱ ግን ይንዘረዘራል፣ ይንዘረዘራል፣ መሃል መሃል ላይ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ይላል። በጣም በፍጥነት፣ እንደ ስፌት መኪና።

---

ኤደን_50ኸርዝ · ቅዳሜ፣ ከቀኑ 7፡00

አሁንም 14ቱንም ሬጅስተር በየ20 ሚሊሰከንዱ እየጻፍክ ነው አይደል? ሬጅስተር 13 ከሌሎቹ ይለያል። ያው ዋጋ ቢሆንም በጻፍክበት ቁጥር ኢንቨሎፑ ከመጀመሪያው ይነሣል። በሴኮንድ 50 ጊዜ እየቆረጥከው ነው። ቅርጹ ሲለወጥ ብቻ ጻፈው። የዚህ ቺፕ ዜማ በሚቀመጥባቸው የዋይኤም ፋይሎች ውስጥ ሬጅስተር 13 ላይ 255 ካየህ «አትንካው» ማለት ነው፣ ለዚሁ ሲባል የተቀመጠ።

---

ዜሮ_አንድ · ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8፡30

እዚያው እያለህ የተለወጡትን ሬጅስተሮች ብቻ የመጻፍ ልማድ ያዝ። 14 ባይት በሴኮንድ 50 ጊዜ 700 ባይት ነው። የኡኖ ፍላሽ፣ ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት ማኅደር፣ ደግሞ 32 ኪሎባይት ነው፤ ዜማህን እንዳለ ብታስቀምጠው 47 ሰከንድ ሳይሞላህ ያልቃል፣ ያውም ፕሮግራሙ ቦታ ሳይወስድ። በእያንዳንዱ ዙር መጀመሪያ ሁለት ባይት አስቀምጥ፣ የትኛው ሬጅስተር እንደተለወጠ በቢት የሚናገር፤ ከዚያ የተለወጡትን ብቻ። አንድ ክር በተመታበት ዙር ብዙ ቢሆን አምስት ስድስት ባይት፣ በሌላው ጊዜ ሦስት።

---

ገመድ_አምስት · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡15

ጠቅታው ጠፋ። ባሱ አሁን ረጋ ብሎ ሥሩን ይዟል፣ ክራሩ ከላይ፣ ማስተጋቢያው ከኋላ። ዜማው ሦስት ደቂቃ ሊሞላ ነው፣ ፍላሹም ገና አልሞላም።

ሁለት ነገር ይቀረኛል። አንቺ ሆዬን መቃኘት፤ እሷ ከፒያኖ ይበልጥ የምትርቀው ናት፣ ስለዚህ ሌላ ክራር የያዘ ጓደኛዬንም ለክቼ አወዳድራለሁ። ሁለተኛው፣ ከብሬድቦርድ አውጥቼ ሰሌዳ ላይ መበየድ። ጋሼ፣ 40 እግር ሶኬት የት ነው የሚገኘው? ቺፑን በቀጥታ መበየድ ፈራሁ።

---

ጋሽ_ራዲዮ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡05

መፍራትህ ልክ ነው፤ እንዲህ ያለ ዕቃ በቀጥታ አይበየድም። ሶኬት እኔ ጋ አለ፣ ከድሮ ቦርድ የነቀልኩት፣ ንጹሕ ነው። ሰኞ ከ8 ሰዓት በኋላ ሱቅ ና፤ ስፒከርህን ተውና ቺፑንና አርዱዊኖውን ብቻ ይዘህ ና። አንድ የቆየ የእንጨት ሣጥን ራዲዮ ጠግኜ አስቀምጫለሁ። በእሱ እንሰማዋለን።

---

ገመድ_አምስት · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡09

እመጣለሁ ጋሼ። ክራሩንም ይዤ እመጣለሁ።